በእኔ ስም «አቤት» ያለው ሰው

ባለቤቴ ራህማ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። ሥጋ ስገዛ ጎንበስ ብዬ ሚዛኑን ካላየሁ አልከፍልም፤ መንገድ ላይ ሰላምታ ያበዛብኝ ሰው ካለ ምን ፈልጎ ይሆን እያልኩ ነው ቤቴ የምደርሰው። ይሄ እንግዲህ አሁን የተረፈኝ ነው፤ ዱሮ የባሰ ነበርኩ። የማጫውታችሁ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ከድርቁ ማግሥት፣ እዚሁ ጅማ ውስጥ ነው። ያኔ የሃያ ሰባት ዓመት ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ ትዳር ከያዝኩ ዓመት አልሞላኝም። ሰውን አለማመን ብልህነት ይመስለኝ ነበር፤ እንዲያውም እኮራበት ነበር።

በእርግጥ ጊዜውም አግዞኛል። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ዝም ያለ ሰው «ለምን ዝም አለ?» ይባላል፤ የተናገረ ደግሞ «ማን ላከው?» ይባላል። የልብስ ሰፊዎች ማኅበር በሰጠኝ ሱቅ የሚገባው ደንበኛ ሱሪ ሊያሳጥር ይምጣ ወሬ ሊለቅም ይምጣ አላውቅም። ስለዚህ ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ «እሺ»፣ «ደኅና»፣ «አልሐምዱሊላህ» ብቻ እያልኩ እውላለሁ።

የምንኖረው ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ፣ አባቴ በተወልን ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ ጓሮ ባለችው ክፍል ውስጥ የማላውቃቸው ባልና ሚስት ተቀምጠው አገኘሁ። ሰውየው ረጅምና ከሲታ ነው፤ ሴትየዋ አንገቷን የደፋች ነፍሰ ጡር ናት።

«ማሎ ነጂብ፣ እባክህ አትቆጣ» አለችኝ ራህማ ገና ፊቴን ስታየው። «መስጊዱ አጥር ሥር ተቀምጠው አግኝቻቸው ነው። የወሎ ሰዎች ናቸው። የት ይሂዱ?»

ሰውየው ሰይድ፣ ሚስቱ ለይላ ይባላሉ። በድርቁ ጊዜ መንግሥት ከወሎ አንስቶ በስተ ምዕራብ ቆላ ውስጥ አስፍሯቸው ነበር። እዚያ በአንድ ክረምት ሁለት ልጆቻቸውን ወባ ገደለባቸው። ለይላ ሦስተኛውን ስታረግዝ «ይሄንን እዚህ አልወልድም» አለች፤ በእግርም በጭነት መኪናም ብለው ጅማ ገቡ። ከሰፈራ ጣቢያ የጠፋ ሰው ከተያዘ ተጭኖ ይመለሳል። ላለመመለስ የቀበሌ መታወቂያ ያስፈልገዋል፤ ለመታወቂያው ከነበረበት ቦታ መሸኛ ማምጣት አለበት፤ ጠፍቶ ለመጣ ሰው ደግሞ መሸኛ የሚጽፍለት የለም። ሰይድ የቻለው «ተቀበሉኝ፣ ሠርቼ ልደር» የሚል ማመልከቻ ለቀበሌያችን ማስገባት ብቻ ነው። እነሱም «ስንጠራህ ቀርበህ ታስረዳለህ» ብለው ሰደዱት።

እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጠረጠርኩት። የቀን ሥራ ሲያጣ የዘመመውን አጥሬን ሳልጠይቀው አጠረልኝ። ማነው ሳይጠየቅ የሰው አጥር የሚያጥር? ሁለት ጊዜ ደግሞ ከቀበሌው ዘብ ጋር ቆሞ ሲያወራ አየሁት።

«ራህማ፣ ያ ሰውዬ ጆሮ ጠቢ ቢሆንስ?»

«ጆሮ ጠቢ ከሆነማ እኛ ቤት መግባቱ ኪሳራው ነው» አለችኝ። «አንተ እንደሆንክ አትናገርም፤ ምን ሰምቶ ይሄዳል?»

ጥቅምት ሲገባደድ የቡና ለቀማ ዘመቻ ታወጀ። ከየቤቱ አንድ ጉልበት ያለው ሰው፣ በሊሙ በኩል ባለ የመንግሥት እርሻ፣ ለሃያ ቀን። እምቢ ያለ «አሻጥረኛ» ተብሎ ስሙ ይያዛል፤ ያን ጊዜ ስሙ የተያዘ ሰው ደግሞ መቼ እንደሚጠራ አያውቅም። ይሁንና ከተማችን ለዚህ መላ አበጅታለት ነበር። ሥራ የበዛበት ሰው ሥራ ያጣ ሰው ይፈልግና በራሱ ስም ይልከዋል። መኪናው ላይ ስም ሲጠራ ተተኪው «አቤት» ይላል፤ እርሻው ላይም ሃያ ቀን ሙሉ በዚያው ስም «አቤት» ይላል። ዘማቾቹ ያውቃሉ፣ ጎረቤት ያውቃል፣ ስም ጠሪው ራሱ ያውቃል። የሚናገር ግን የለም።

እኔ የሦስት ሠርግ ልብስ ይዤ ነበር። ወደ ጓሮ ሄድኩና ለሰይድ ነገርኩት።

«በስምህ ስጠራ አቤት ማለት ነው?» አለኝ።

«ሌላ ምንም የለውም። አንተ ይሄን አድርግልኝ፣ እኔ ደግሞ ጉዳይህ ቀበሌ የቀረበ ቀን አብሬህ ቆሜ እመሰክርልሃለሁ።»

ትንሽ አሰበና «አብሽር፣ እሄዳለሁ» አለ። በማግሥቱ ጧት መኪናው ሰፈራችን ሲቆም ከአጥሬ ኋላ ሆኜ አዳመጥኩ። «ነጂብ አባ ሜጫ!» ተባለ። «አቤት!» አለ ሰይድ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፤ እኔ ራሴ እንደዚያ ብዬ አላውቅም።

እሱ በሄደ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለይላ ሱቄ ድረስ መጣች። መንገዱ አድክሟት በሩ ላይ ተደግፋ ቆመች። ፊደል አትቆጥርም። ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት ሰጠችኝ።

«አንድ ሰው አምጥቶ አሻራዬን ተቀብሎኝ ሄደ። ምን ይላል ወንድሜ?»

አነበብኩት። አመልካች ሰይድ የፊታችን ማክሰኞ ጧት በሦስት ሰዓት ቀበሌ ቀርቦ እንዲያስረዳ፣ ባይቀርብ በሌለበት ውሳኔ እንደሚሰጥ ይላል። ሰይድ የሚመለሰው ቅዳሜ ነው፤ ከማክሰኞው በኋላ አራት ቀን ቆይቶ።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ ለእናንተም ለእኔም ግልጽ ነው። ቀበሌ ሄዶ «ሰውየው ዘመቻ ላይ ነው፣ ቀጠሮው ይተላለፍለት» ማለት ብቻ ነበር። ግን «በየትኛው ስም ዘመተ?» ቢሉኝስ? ለይላን ቀና ብዬ ሳላያት «ገና ነው» አልኳት። «ሲመጣ ይደርሳል፣ አታስቢ።»

«አላህ ይስጥህ» ብላኝ ሄደች።

ሰኞ ዕለት እስከ ቀበሌው በር ድረስ ሄጃለሁ። ዘቡ «ማንን ፈልገህ ነው?» ሲለኝ «ሳልፍ ነው» ብዬ አለፍኩ። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ የሙሽራ ቀሚስ ስሰፋ ዋልኩ፤ ሦስት ጊዜ አጣምሜ ሰፍቼ ፈታሁት።

ሰይድ ቅዳሜ ክንዱ ተቧጭሮ፣ ጣቶቹ በቡና ልጣጭ ጠቁረው መጣ። ሰኞ ቀበሌ ሲሄድ ውሳኔውን ሰጡት። «አመልካች በቀጠሮው ባለመቅረቡ ጥያቄው ውድቅ ሆኗል፤ ወደ ሰፈራ ጣቢያው በሚሄደው መኪና ይመለስ» ይላል። ማታ ስንገናኝ ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ደኅና ዋልክ?» ብሎኝ አለፈ። ከዚያም ቀን በኋላ «መስክርልኝ ብለኸኝ አልነበር?» አላለኝም። ይሄ ዝምታው ይበልጥ አስፈራኝ። ሰው ምንም ካልጠየቀ ሌላ የሚከፍለው አለ ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሌት ተቀን «ምን እያሴረብኝ ነው?» የሚለውን ነበር የማስበው።

ከዚህ ላይ ደግሞ የሚያሳፍረኝ ነገር መጣ። ቀበሌው የዘመቻውን መዝጊያ ስብሰባ ጠራ። ጸሐፊው ጓድ መኮንን ከእርሻው የተላከውን ደብዳቤ አነበበ። «ከዘማቾች ሁሉ በለቀማ አንደኛ የወጣው ጓድ ነጂብ አባ ሜጫ!» አለ።

ጎረቤቶቼ ገፉኝ፤ አንዳንዶቹ ሳቃቸውን በእጃቸው ይዘዋል። መድረኩ ላይ ወጣሁ፣ ማኅተም ያለበት የምስጋና ወረቀት ተቀበልኩ፣ ግራ እጄን ጨብጬ «ከቆራጡ መሪያችን ጋር ወደፊት!» አልኩ። ወረድ ስል ሰይድን በሩ አጠገብ ቆሞ አየሁት። ከሰው ጋር አብሮ ያጨበጭባል። ሲያጨበጭብ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። እኔ ግን እያሾፈብኝ ነው ብዬ ተናደድኩ፤ ወረቀቱንም መስታወት አስገብቼ ሱቄ ውስጥ ሰቀልኩት። ከዚያ ወዲያ የቀበሌ ሰዎች ሱቄ ሲገቡ «ጓድ» እያሉ ያከብሩኝ ጀመር፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ሰይድ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ለከፍተኛው ፍርድ ሸንጎ ይግባኝ ጻፈ። በዚያ ዘመን የትኛው ጉዳይ የሸንጎ፣ የትኛው የጽሕፈት ቤት እንደሆነ በቅጡ የሚለይ አልነበረም፤ ሸንጎው ማመልከቻውን ተቀብሎ ቀጠረው። ቀኑ ሲደርስ የሠርጎቹ ወራት አልፏል፤ ለይላ ልትወልድ ሳምንታት ቀርተዋታል። ተመላሾችን የሚጭነው መኪና ደግሞ በዚያው ሳምንት መጨረሻ እንደሚነሣ ተነግሯል።

በዕለቱ ጧት ሱቄን ዘጋሁ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችኝ ራህማ።

«ስሜን ይጠራ እንደሆነ ልሰማ ነዋ!»

«ጆሮህን ብቻ ይዘህ አትሂድ» አለችኝና ፊቷን አዞረች። ወረቀቱን አንብቤ ምን እንዳልኳት ለይላ ነግራት ኖሯል፤ ራህማ ግን ለእኔ አንድም ቀን አላነሣችውም ነበር።

ሸንጎው የሚሰየመው ከአንድ የቡና ነጋዴ በተወረሰ መጋዘን ውስጥ ነው። ሰዉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቷል። እኔ ከአንድ ምሰሶ ኋላ ተቀመጥኩ። ሦስት ዳኞች ገቡ። መሐል የተቀመጡት ሰብሳቢ መነጽር ያደረጉ የአጋሮ ሰው ናቸው፤ ዱሮ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ ይባላል። ቀበሌያችንን ወክሎ የቆመው ጸሐፊው ጓድ መኮንን ነው።

«አቶ ሰይድ፣ በቀጠሮህ ቀን ለምን አልቀረብክም?» አሉ ሰብሳቢው።

«ቡና ለቀማ ዘመቻ ላይ ነበርኩ ጌታዬ።»

«በየትኛው ቀበሌ?»

«በዚሁ በቀበሌያቸው።» በአገጩ ወደ ጓድ መኮንን አመለከተ።

ጓድ መኮንን የዘማቾቹን መዝገብ ገልጦ ሰጣቸው። «የዚህ ሰው ስም የለም ጓድ ሰብሳቢ። እንዴትስ ይኖራል? ነዋሪ አይደለም።»

ሰብሳቢው በጣታቸው ከላይ እስከ ታች አወረዱት። «በእርግጥ የለህም። በማን ስም ነው የዘመትከው?»

ወደ ምሰሶው ይበልጥ ተጠጋሁ። ሰይድ መሬት መሬቱን አየ።

«ተናገር እንጂ!»

«ስሙን ልናገር አልችልም ጌታዬ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ጓድ መኮንን ሳቅ አለ። «እንግዲህ ይሄው ነው። ጠፍቶ መጣ፣ ሲጠራ ቀረ፣ አሁን ደግሞ ስም የለሽ ዘማች ነኝ ይላል።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ከምሳ በኋላ እንመለሳለን» አሉ። «እስከዚያ ብታስብበት ይሻላል። ዝም ካልክ መዝገቡ ያለውን ነው የምንቀበለው።»

ውጪ ስወጣ ጓድ መኮንን ከኋላዬ ትከሻዬን ያዘኝ። «ጓድ ነጂብ፣ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«እንዲያው ነው።»

«ሱቅህ ሂድና ልብስህን ስፋ። ያን የመሰለ የምስጋና ወረቀት ያለው ሰው እዚህ ምን ያደርጋል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄ ነገር ከተከፈተ ባንተ ብቻ አይቆምም፤ ብዙ ቤት ነው የሚገባ።»

የጓድ መኮንንን የገዛ ልጅ ተክቶ የዘመተውን ሰው ስም እንኳን እኔ፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀው ነበር። ስለዚህ የፈራው ለእኔ እንዳልሆነ ገባኝ። ያም ሆኖ ወደ ሱቄ መንገድ ጀመርኩ። ጥቂት ሄጄ ቆምኩ። አንድ ነገር እየከነከነኝ ነበር፤ ሰይድ ለምን ስሜን ሸሸገ? ምን ሊያስከፍለኝ ነው? ይሄን ሳላውቅ ማምሸት የምችል አልመሰለኝም።

መጋዘኑ ጀርባ፣ ሰይድና ለይላ ዋንዛ ሥር ቁጭ ብለው አንድ ዳቦ ይካፈላሉ። ለይላ ስታየኝ ተነሥታ ራቅ አለች። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ሰይድ፣ ለምን ስሜን አልተናገርክም?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ብናገር ምን ትል ነበር?»

ሱሪዬ ላይ የቀረውን ክር መልቀም ያዝኩ።

«ብጠራህ ትክዳለህ» አለኝ፤ ቁጣ የለበትም። «አንተ የምስጋና ወረቀት አለህ፣ እኔ አሻራ የተረገጠበት ጥሪ ነው ያለኝ። ማንን ያምናሉ? ከካድከኝ በኋላ ጠፍቶ መጣ ተብዬ ብቻ ሳይሆን ውሸታም ተብዬም ነው መኪናው ላይ የምወጣ። ዝም ብል ይሻላል።»

«እኔ እኮ እየሸሸግከኝ መስሎኝ...»

«ኧረ እንዴት ብዬ!» አለ። «ለይላ ወረቀቱን ማን እንዳነበበላት ነግራኛለች ነጂብ። ሱቅህ መጥታ ምን እንዳልካት ነግራኛለች። ከዚያ ወዲህ እኔ ካንተ ምንም አልጠብቅም። አብሽር፣ አልጠላህም። ሰው ይፈራል፤ እኔም እፈራለሁ።»

ዳቦውን ቆርሶ ሰጠኝ። አልተቀበልኩትም።

በሕይወቴ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፤ ስድብ ባይሆንም እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም። ሁለት ወር ሙሉ የዚህን ሰው ዝምታ ስመረምር ከርሜ ነበር። ተንኮል ነው ስል፣ ወጥመድ ነው ስል፣ ሌላ የሚከፍለው አለ ስል። ሰውየው ግን ዝም ያለው ከእኔ ተስፋ ስለቆረጠ ነው። እንደ ተሰበረ ወንበር አልፎኝ ሄዷል። ያን ጊዜ ያፈርኩት እፍረት እስከ ዛሬ ሲነሣብኝ ጆሮዬ ይግላል።

ወደ አዳራሹ ተመለስን። ከምሰሶው ኋላ ሳይሆን ፊት ለፊት ተቀመጥኩ፤ ጓድ መኮንን አይቶኝ ፊቱ ተለዋወጠ። ሰብሳቢው «አሰብክበት?» አሉት ሰይድን።

«የምጨምረው የለኝም ጌታዬ።»

«ስለዚህ ጉዳይ የሚያውቅ፣ የሚናገር ሰው አለ?»

መነሣት ፈልጌ ነበር። ግን ከወንበሬ አልተነሣሁም። ሰብሳቢው ብዕራቸውን አነሡ፣ ከጎናቸው ወዳሉት ዳኛ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ተነጋገሩ፣ መጻፍ ጀመሩ። የለይላ እጅ ሆዷ ላይ ነበር። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲጫጫር ይሰማኛል።

«እኔ አለሁ!» አልኩ። ሳላስበው ጮህኩ መሰለኝ፣ ሰዉ ሁሉ ዞረ።

«ማነህ?»

«ነጂብ አባ ሜጫ እባላለሁ ጌታዬ። የዘመተው በእኔ ስም ነው። እኔ አልሄድኩም።»

«ያ ረቢ!» አለች አንዲት አሮጊት ከኋላዬ። ጓድ መኮንን ብድግ አለ። «ጓድ ሰብሳቢ፣ ይሄ ሰው የዘመቻው ኮከብ ነው፤ የምስጋና ወረቀት በሕዝብ ፊት ተቀብሏል። ምን እንደነካው አላውቅም።»

ሰብሳቢው ትኩር ብለው አዩኝ። «ኮቱ፣ ወደ ፊት ቅረብ። ኮከቡ አንተ ነህ?»

«ወረቀቱን የተቀበልኩ እኔ ነኝ። ቡናውን የለቀመ እሱ ነው።»

«እርሻው ላይ የት ነበር የምታድሩት?»

«አላውቅም ጌታዬ።»

«የቡድን መሪያችሁ ማን ነበር?»

«አላውቅም።»

ወደ ሰይድ ዞሩ። እሱ ያደሩበትን ቆርቆሮ ቤት፣ የቡድን መሪውን ስም፣ ዝናብ የዘነበባቸውን ቀናት ሳይቀር አንድ በአንድ ተናገረ። ሰብሳቢው ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ አለቀ ብዬ ልቀመጥ ስል ጓድ መኮንን በቀላሉ የማይለቅ ሰው ኖሯል።

«ይሁን፣ ዘምቷል እንበል» አለ። «ጥሪው ግን ለሚስቱ ደርሷል። አሻራዋ ይኸው። ባሌ የለም ብላ ማስታወቅ ነበረባት። ቀጠሮውን የናቁት ራሳቸው ናቸው፤ ቀበሌው የሠራው ስሕተት የለም።»

ሰብሳቢው ወረቀቱን አዩት። «ይሄ እውነት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ወይዘሮ ለይላ፣ ለምን አላስታወቅሽም?»

ለይላ ተነሣች። እኔን አየችኝና አቀረቀረች፤ ስሜን አልጠራችም። እሷም እንደ ባሏ እንደምክድ እርግጠኛ ነበረች።

«እሷ አስታውቃለች» አልኩ። «ለእኔ ነው ያስታወቀችው። ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን ሱቄ አምጥታ ሰጠችኝ። ቀኑን አይቻለሁ። እሱ እንደማይደርስ አውቄያለሁ። ቀበሌ መጥቼ ብናገር የእኔ አለመዝመት ይወጣል ብዬ ፈራሁና ‹ገና ነው› ብዬ ዋሸኋት። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም ጌታዬ። የእኔ ነው።»

አለቀስኩ። ሃያ ሰባት ዓመት የሞላው ባለ ትዳር ሰው ሕዝብ ፊት ቆሞ አለቀሰ ብላችሁ ጻፉት።

«እንዳንተ በሰው ያስዘመቱ ሌሎችም አሉ?» አሉኝ ሰብሳቢው።

ከኋላዬ የስንት ሰው ትንፋሽ ቀጥ እንዳለ አላየሁም፤ ግን ተሰማኝ። ጓድ መኮንን ጣሪያውን ያያል።

«እኔ የመጣሁት የራሴን ልናገር ነው ጌታዬ» አልኩ።

ዳኞቹ ለረጅም ጊዜ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው ወደ ጓድ መኮንን ተመለከቱ። «ጓድ ጸሐፊ፣ ይሄ ሰው ለቀበሌያችሁ ሃያ ቀን ዘምቶ፣ አንደኛ ወጥቶ፣ አስጨብጭቦላችኋል። ስታዘምቱት የእናንተ ሰው ነበር። መታወቂያ ሲጠይቅ የማን ሰው ሆነ?» መልስ አልጠበቁም። በሌለበት የተሰጠው ውሳኔ እንዲሰረዝ፣ ጉዳዩ እንደ አዲስ እስኪታይ ሰይድና ለይላ ከከተማው እንዳይነሡ አዘዙ። ለእኔም አልራሩም። የምስጋና ወረቀቱ ተቀማ፤ ከልብስ ሰፊዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር እንድሰናበት፣ አንድ ወር የቦይ ቁፋሮ እንድሠራ ተፈረደብኝ።

ስንወጣ ሰይድ አጠገቤ መጣ። የሚያመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። «ለምን?» ብቻ አለኝ። ጠርጥሮኝ ነው! ምን ፈልጌ እንደተናገርኩ ሊገባው አልቻለም። «እንጃ» አልኩት።

ተመላሾችን የጫነው መኪና ቅዳሜ ያለ እነሱ ሄደ። በሳምንቱ ቀበሌው ሰይድን መዘገበው። ለይላ ጓሯችን ባለችው ክፍል ሴት ልጅ ወለደች፤ አዋላጇን የጠራች ራህማ ናት።

እኔስ? እኔ ላይ የመጣው ነገር ያልጠበቅሁት ነው። ቦዩን ቆፍሬ ጨረስኩ፣ እጄ ቆሰለ፣ ዳነ። የሰው ፊት ግን አልዳነም። ሻይ ቤት ስገባ ወሬ ይቋረጣል። መስጊድ አጠገቤ የሚሰግደው ጎረቤቴ ሰላምታዬን እየቆጠበ ይመልሳል። «ያ ሰው ይናገራል» ተባልኩ። የማንንም ስም አልጠራሁም፤ ግን ዛሬ የራሱን የተናገረ ነገ የእኛን ይናገራል ብለው ፈሩ። ዕድሜዬን ሙሉ ጆሮ ጠቢ ስፈልግ የኖርኩት ሰውዬ፣ በስተመጨረሻ የሰፈሩ ተጠርጣሪ ራሴ ሆኜ አረፍኩት። አልፈርድባቸውም፤ እኔ ብሆን ከእነሱ ብሼ እገኝ ነበር።

ከስምንት ወር በኋላ ወደ ማኅበሩ እንድመለስ አመለከትኩ። ነገሩ ለነዋሪው ስብሰባ ቀረበ። ጓድ መኮንን «ለዚህ ሰው ዋስ የሚሆን እጁን ያውጣ» አለ። አብረውኝ ያደጉ ሰዎች ተቀምጠዋል። የሠርግ ልብሳቸውን የሰፋሁላቸው ተቀምጠዋል። ሁሉም ጫማውን ያያል። ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ረጅም እጅ ወጣ።

«አንተ አዲስ ነዋሪ ነህ። በምን ታውቀዋለህ?» አለው ጓድ መኮንን።

«ሃያ ቀን እሱን ሆኜ ኖሬያለሁ» አለ ሰይድ። «ከዚያ በላይ እንዴት ይታወቃል?»

ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አንድ እጅ ግን አልበቃም፤ ጥያቄዬ ውድቅ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ቤቴ ውስጥ እየሰፋሁ ኖርኩ። የመጀመሪያው ደንበኛዬ ሰይድ ነበር፤ ለልጁ ቀሚስ አሰፍቶ «ወዲህ በኩል አጣመምከው» ብሎ ጨቀጨቀኝ። እስካስተካክለው ድረስ አልተወኝም፤ ያን ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ከእኔ አንድ ነገር ጠየቀ ማለት ነዋ!

መጠራጠሬ አለቀ አልላችሁም፤ ሚዛኑን አሁንም ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ሰውን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ተምሬያለሁ። እናንተም አጠገባችሁ ምንም የማይጠይቃችሁ፣ ችግሩ እየታወቀ የማይለምናችሁ ሰው ካለ፣ ኩሩ ነው ወይም ሌላ ዘዴ አለው ብላችሁ አትለፉት። ምናልባት ብጠይቃቸውም አይረዱኝም ብሎ ተስፋ ቆርጦባችሁ ይሆናል። ሄዳችሁ ጠይቁት፣ መኪናው ሳይነሣ። እኔ ለጥቂት ነው የደረስኩት።